ስለ ሕፃናት ድምፅና ስለ ጾታ አጠራር፤ በሁሩታ ሁለት ቋንቋዎች መካከል

በአማርኛ ስለ ራሱ የሚናገር ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከግሡ አይታወቅም። «መጣሁ»፣ «እበላለሁ»፣ «አላውቅም» የሚሉት ቃላት ለሁለቱም አንድ ናቸው። ጾታ የሚለየው ሌላው ሰው ሲጠራ ነው፤ «ና» ወይም «ነይ»፣ «ተቀመጥ» ወይም «ተቀመጪ» ይባላል። ስለዚህ ሕፃን አፉን በሚፈታበት ዘመን ወንድነቱን ወይም ሴትነቱን የሚሰማው ከራሱ አንደበት ሳይሆን ከጠሪዎቹ አንደበት ነው። ነገሩ ጥቂት የሰዋስው ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የወንድና የሴት ልጆች ድምፅ ከየት ተለየ ብሎ ለሚመረምር ሰው ዋናው በር ይኸው ነው።

ይህም ጎልቶ የሚታየው ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩበት ስፍራ ነው። በአርሲ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ የሆነችው ሁሩታ እንዲህ ያለች ስፍራ ናት። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ የግቢ በር አንኳኩቶ «እኔ ነኝ» ቢል፣ አማርኛ ተናጋሪው ባለቤት «ማነህ?» ወይም «ማነሽ?» ከማለቱ አስቀድሞ በጆሮው መፍረድ ግድ ይሆንበታል፤ ፍርዱ ቢያቅተው «ማነው?» ብሎ በሩቅ አነጋገር ያመልጣል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ግን እንዲህ ያለ ጭንቅ የለበትም። «ኤኙ?» ብሎ ይጠይቃል፣ «ኮቱ» ብሎ ያስገባል፤ «አቲ» የሚለውም ቃል ለወንድም ለሴትም ነው። ኦሮምኛ ጾታን የሚለየው ስለ ሦስተኛ ሰው ሲነገር ነው፤ «ኢኒ ዱፌ» መጣ፣ «ኢሼን ዱፍቴ» መጣች ማለት ነው። እንዲያውም «ዱፍቴ» የሚለው ግሥ «መጣህ»ም «መጣሽ»ም «መጣች»ም ሆኖ ያገለግላል።

ሁለቱን አጠራሮች በአንድ መንደር ያገናኛቸው ታሪክ ነው። አገሩ የአርሲ ኦሮሞ አገር ሲሆን፣ በ1870ዎቹ ከተደረገው የዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ ወዲህ ከሸዋ የመጡ ወታደሮችና ሰፋሪዎች ገቡበት፤ አማርኛም የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የችሎትና ኋላም የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህንኑ በሕግ አጸና። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኦሮምኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። እንግዲህ አያት በክፍል ውስጥ «ተነሥ» ወይም «ተነሺ» እየተባለ ሲማር፣ የልጅ ልጅ ወንድም ሆነ ሴት «ካኢ» እየተባለ ይማራል። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ቋንቋ ፖለቲካ ብዙ ሲጽፉ ይህችን ትንሽ ለውጥ አልፈዋት መሄዳቸው ያስገርማል።

ወደ ተፈጥሮ እንመለስ። የአዋቂ ወንድ የድምፅ አውታር ከሴቷ አውታር በ60 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ የወንዱ በሴኮንድ 120 ጊዜ ያህል ሲርገበገብ የሴቷ ከ200 በላይ ይርገበገባል። ይህ ልዩነት በአብዛኛው የጉርምስና ሥራ ነው። ከዚያ በፊት የወንዱም የሴቷም ልጅ ድምፅ ከ250 እስከ 300 ባለው መጠን ይገኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 እነ ዴቪድ ሬቢ ባሳተሙት ጥናት የሦስት ወር ሕፃናት ለቅሶ በቅጥነት በጾታ አልተለየም፤ አድማጮቹ ግን ወፈር ያለውን ለቅሶ የወንድ ነው ብለው ይፈርዱ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ1973 ጃክሊን ሳክስ፣ ፊሊፕ ሊበርማንና ዶና ኤሪክሰን ከ4 እስከ 14 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ድምፅ ቀድተው ለአድማጮች ባሰሙ ጊዜ፣ ከ5 ፍርድ 4 ያህሉ ትክክል ሆኖ ተገኘ። የወንዶቹ ድምፅ ግን ከሴቶቹ የወፈረ አልነበረም። የለየው በጉሮሮና በአፍ ውስጥ ያለው ማስተጋባት ነው፤ እርሱም በወንዶቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በ2001 የታተመው የእነ ቴዎዶር ፔሪ ጥናትም በ4 ዓመት ልጆች ላይ ይህንኑ አሳየ። ከንፈርን ማሞጥሞጥ ማስተጋባቱን ዝቅ ያደርገዋል፣ ከንፈርን መለጠጥ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የአካል ልዩነት ብቻውን አይበቃም፤ ልጆች አፋቸውን እንደ ወንድ ወይም እንደ ሴት መያዝን ሳይማሩ አይቀሩም ብለው ገመቱ።

ይማራሉ ከተባለ ከማን ይማራሉ? በብዙ የአማራ አገር ወንድ ሲወለድ 7 ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ 3 ጊዜ እልል ይባላል፤ ክርስትናም ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ትነሣለች። ሕፃኑ ከማልቀስ በቀር ድምፅ ሳይኖረው አገሩ በድምፅ ለይቶታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ቤት ጨዋታ ነው። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ወንዶች ልጆች ዱላ እየመቱ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት «ሆ» እያሉ ይቀበላሉ። በዕንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች እያጨበጨቡ አበባየሆሽ ይዘፍናሉ፤ ተቀባዮቹ «ለምለም» ይላሉ። አንባቢ ሁለቱን ቃላት በአፉ ይሞክራቸው። «ሆ» ከንፈርን አሞጥሙጦ ካልሆነ አይወጣም፤ «ለምለም» የከንፈር ማሞጥሞጥ አይሻም። ይህን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጥያቄ አቀርበዋለሁ፤ ነገር ግን በየዓመቱ በኅብረት የሚደጋገም ልምምድ አፍን አያሠለጥንም ማለት ይከብደኛል።

ልማዱም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «ነይ» ትለዋለች፤ ሴት ልጇንም «አንተ» ብላ ትጠራታለች። ጥብቁ አጠራር በፍቅር ጊዜ ይገለበጣል። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ በወጣትነታቸው የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው በመድረክ የተጫወቱ ሰው ነበሩ፤ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ለብዙ ዓመታት «ልጆች» እያሉ በብዙ ቁጥር፣ ጾታ በማይለይ አጠራር ሕፃናትን አነጋገሩ።

ጉዳዩ ለእኛ ለሙያው ሰዎች የቅርብ ነው። ስማቸው ካልተጻፈ ልጆች የተቀዳ ዘፈን በእጁ የገባ ሰው «ወንዶች ናቸው»፣ «ሴቶች ናቸው» ብሎ በጆሮው ቢመዘግብ፣ ከላይ በተጠቀሰው ልክ እንኳ ከአምስት አንዱን ይስታል፤ የሴቶች ዘፈንም በመጽሐፍ ላይ የወንዶች ሆኖ ይቀራል። ሁሩታ ውስጥ አንዱ ልጅ በአማርኛም በኦሮምኛም ሊቀዳ ይችላል። ማስተጋባቱ በአማርኛው ከኦሮምኛው ይልቅ በጾታ የሚለይ ከሆነ፣ ልዩነቱን በጉሮሮ ማሳበብ አይቻልም፤ ጉሮሮው አንድ ነውና። እንዲህ ያለ ቅጂ በሚደረግበት ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ቀጥሎ ሊጻፍ የሚገባው፣ በቤቱ ማን እንደሚጠራውና ሲጠራውም «ና»፣ «ነይ» ወይስ «ኮቱ» እንደሚለው ነው።