የጽንስ ልብ ምትና የአድማጩ ጆሮ



ፈረንሳዊው ሐኪም ኬርጋራዴክ የእንሽርት ውሃውን እንቅስቃሴ ለመስማት በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ማዳመጫ ቢያሳርፍ፣ ያልጠበቀውን የጽንስ ልብ ምት ሰማ፤ ግኝቱንም እ.ኤ.አ. በ1821 ለፓሪስ የሕክምና አካዳሚ አቀረበ። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አዶልፍ ፒናር በስሙ የሚጠራውን ቀንድ መሰል ማዳመጫ አበረከተ፤ ዛሬም የአገራችን አዋላጆች ይገለገሉበታል።

ከዚያም ምቱን ያለማቋረጥ የሚመዘግበው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ የሆነው የደብሊን ጥናት ወደ 13,000 በሚጠጉ ምጦች ሁለቱን ዘዴዎች አነጻጸረ። መሣሪያው የአራስ ሕፃናትን መንቀጥቀጥ ቢቀንስም፣ በየጊዜው በጆሮ ከማዳመጥ ይልቅ ሞትን አልቀነሰም።

ከዚህ ታሪክ ቀንዱ ብቻውን ይበቃል የሚል ትምህርት አልወስድም። በደብሊን እያንዳንዷ ወላድ ከጎኗ የማትለይ አዋላጅ ነበረቻት። ማሕፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ ጽንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን የሚገባው ምት ወርዶ ቶሎ ካልተመለሰ አደጋ አለ። በማማጫው ሰዓት በየ5 ደቂቃው ማዳመጥ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። አንዲት አዋላጅ ብዙ ወላዶችን በአንድ ጊዜ በምትጠብቅበት ክፍል ግን ማን ያዳምጣል? እንደ እኔ እምነት፣ ከመሣሪያ ግዢ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው።