ደቻቱ የሚመጣው ስንረሳው ነው

ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው ደቻቱ «ወንዝ» ሲባል ግር ይለዋል። በዓመቱ አብዛኛው ቀን ውሃ የለበትም፤ ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል። ግመል ይነዳበታል፣ ለግንባታ የሚሆን አሸዋም ይዛቅበታል። ከዚራንና መጋላን ለሁለት የሚከፍለው ይህ ደረቅ ሜዳ ለድሬ ልጅ ወንዝ ከመሆኑ በፊት መንገድ ነው።

ቅዳሜ ሐምሌ 29 ለእሑድ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ያ መንገድ ወንዝ መሆኑን አስታወሰ። ከተማው ተኝቷል። ከደጋው የወረደው ጎርፍ ደለል፣ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ዳርቻው ላይ የነበሩትን ቤቶች ጠርጎ ወሰደ። በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ200 በላይ የሚሆኑት የደረሱበት ጠፋ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ደግሞ ቤት አልባ ሆነ።

በአማርኛ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንላለን። ደቻቱ ግን ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። በከተማው ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩም ሳይጠቁር ሊመጣ ይችላል። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ከተማዋ አመሠራረት መመለስ ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ሐረር ግን ደጋ ላይ ናት፤ ባቡሩን በዚያ ገደል ማውጣት ከባድና ውድ ሆነ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፣ በቆመበትም ከተማ በቀለ። አዲሲቷ ሐረር እስከ መባልም ደርሳ ነበር። ድሬዳዋ ያለችው በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በስተደቡብ የሚታየው ደጋ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ባቡሩን የከለከለው ዳገት ውሃውን አይከለክለውም፤ ይልቁንም ያስሮጠዋል። ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ያን ቁልቁለት በአጭር ሰዓት ጨርሶ ከተማው መሀል ይገባል። የተራራው ዛፍና ሣር በተመናመነ ቁጥር ፍጥነቱም፣ ይዞት የሚመጣው አፈርና ድንጋይም ይጨምራል።

እንግዲህ ከተማዋን የወለደው ተራራ ጎርፉንም ይወልዳል። ይህን ደግሞ ድሬዳዋ በ1998 አላወቀችውም፤ ቀድሞም ታውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በደረሰ ጎርፍ 80 ያህል ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱ መካከል 25 ዓመት አለ። ሃያ አምስት ዓመት ማለት ያን ጎርፍ ያየ ሰው የሚያረጅበት፣ ያላየ ሰው ደግሞ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ቤት የሚሠራበት ዘመን ነው። ቤቱን የት ይሠራል? መሬት የሚገኝበት ቦታ። መሬት የት ይገኛል? ያየ ሰው በሸሸበት ቦታ።

እዚህ ላይ «ማን እዚያ ስፈሩ አላቸው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ እሰማዋለሁ፣ ሁልጊዜም ያበሳጨኛል። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው አደጋውን ንቆ አይደለም የሚኖረው። የቤት ኪራዩን፣ የገበያውን ቅርበት፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት አስልቶ ነው። ዘንድሮ የሚበላው የዛሬ 25 ዓመት ከሚመጣው ጎርፍ በለጠበት። ማንኛችንም በእሱ ቦታ ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር።

ከጎርፉ በኋላ የሆነውን ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምንቆጥረው ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ኩንታል ነው። እነዚህ ያስፈልጋሉ። ግን የማይቆጠረው ይከብዳል። የእኛ ሰው ሐዘኑን የሚወጣው በሥርዓት ነው፤ አጥቦ፣ ገንዞ፣ ቀብሮ፣ ድንኳን ጥሎ፣ ተቀምጦ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መቃብር ይፈልጋል። አስከሬኑ ያልተገኘለት ቤተሰብ መቼ ይቀመጥ? መቼስ ይነሳ? እናት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። ተስፋዋን ብትቆርጥ ልጇን በገዛ እጇ የገደለችው ይመስላታል፤ ካልቆረጠች ደግሞ ሐዘኑ አያልቅም።

ሌላው የማይቆጠረው ጉርብትና ነው። በአዲስ ቦታ ቤት ተሠርቶ ለተፈናቃይ ሲሰጥ ቁልፍ ይሰጣል። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ ልጅ ትተህበት ገበያ የምትሄደው ጎረቤት ግን በቁልፍ አይመጣም። ለደሃ ሰው ኢንሹራንሱ ሰፈሩ ነው። ሰፈሩ የተበተነበት ሰው ቤት ቢያገኝም ገና አላገገመም።

ያ ክረምት በድሬዳዋ አላበቃም። ከሳምንት በኋላ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች 364 ሰዎች መሞታቸው ተገለጸ፤ በሺህ የሚቆጠር ከብትም አለቀ። ሰዎች በውሃ በተከበበ ጉብታ ላይ ቀርተው በጀልባና በሄሊኮፕተር ነፍስ ለማዳን ተሞከረ። ቀጥሎ ጣና ዙሪያ፣ ፎገራና ደምቢያ በውሃ ተዋጡ።

የዳሰነች ነገር ለየት ይላል። ዳሰነቾች ጎርፍን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በዚያን ዘመን ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ጎርፍ ካልመጣ ረሃብ ነበር። እነሱን ያጠቃቸው ከሚያውቁት ልክ ያለፈ ጎርፍ ነበር። ጎርፉን የረሳም፣ በየዓመቱ የሚኖርበትም ሕዝብ በአንድ ወር ውስጥ ተጠቃ። እንግዲያው ማስታወስ ብቻውን አይበቃም፤ የሚቀጥለው ካለፈው ሊብስ እንደሚችል ማወቅም ያሻል።

ድሬዳዋ ከዚያ በኋላ በደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ሠርታለች። ግንቡ ጥሩ ነው፤ የሚያድነው ግን እስከ ቁመቱ ድረስ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከተማዋ ላይ በደረሰ ጎርፍ ዳግመኛ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ግንብ ሌላም ጣጣ አለው፤ ያዘናጋል። ከኋላው የተኛ ሰው ወንዙ የታሰረ ይመስለዋል፣ ቤቱንም አንድ እርምጃ ያስጠጋል። ጎርፉ የሚጀምረው ደግሞ ከግንቡ ሳይሆን ከተራራው ነው። እርከኑና ችግኙ እዚያ ነው የሚያስፈልገው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲበረታ ወደ ታች ስልክ የሚደውል፣ ከተማው ውስጥም በሌሊት በር እያንኳኳ የሚቀሰቅስ ሰው አስቀድሞ መመደብ አለበት። ያለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከ1998 ወዲህ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ተቆጥረዋል። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ቤት ሊከራይ ሰፈር እያማረጠ ነው። ከጎርፍ ወደ ጎርፍ የነበረው ርቀት ባለፈው 25 ዓመት ነበር። ደቻቱ ቀጠሮ የለውም፤ የእኛ የመርሳት ዕድሜ ግን ይታወቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ትንሽ ነው። የዚያ ሌሊት ውሃ የደረሰበት ከፍታ በየሰፈሩ ግድግዳ ላይ በቀለም ይሰመር። የሟቾችና የጠፉት ስም ልጆች በየቀኑ በሚያልፉበት ቦታ ይጻፍ። ሐምሌ 30 ቀን በየትምህርት ቤቱ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ይነገር። መቃብር ላላገኙት ቤተሰቦች ሄደው የሚያለቅሱበት ቦታ ይሆናቸዋል። አሸዋው ላይ ኳስ ለሚጫወተው ልጅ ደግሞ የቆመበት ቦታ ወንዝ መሆኑን ይነግረዋል።