ወረቀትን ስለ መተው፤ የደሪ ከተማ የእንጨት ቤተ መቅደስ

የታሪክ ተማሪ ወረቀት ይጠበቅ ይላል እንጂ ይቃጠል አይልም። ነገር ግን በሰሜን አየርላንድ በምትገኘው በደሪ ከተማ በ2015 ብዙ ሰዎች ያስቀመጡትን ጽሑፍና ፎቶግራፍ በገዛ ፈቃዳቸው ለእሳት አሳልፈው ሰጡ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ድርጊት ከምን እንደ መጣና ለታሪክ ጥናት ምን እንደሚያስተምር መመርመር ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሥራው መነሻ አሜሪካ ነው። የካሊፎርኒያው ቀራፂ ዴቪድ ቤስት በ2000 በኔቫዳ በረሃ ለሚደረገው የበርኒንግ ማን በዓል ከእንጨት መጫወቻ ፋብሪካ በተረፈ ቍርጥራጭ አንድ ሥራ ሊሠራ ሲዘጋጅ ወጣት ጓደኛው በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። ሥራውም የእርሱ መታሰቢያ ሆነ፤ ሌሎችም እየመጡ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም ጻፉበት፤ በመጨረሻም ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ የሟችን ደብዳቤና ሥዕል ይዞ መምጣት ልማድ ሆነ። እንግዲህ ቀራፂው ግድግዳውን ያቆማል እንጂ ሥራውን የሚፈጽሙት ባለ ወረቀቶቹ ናቸው።

በደሪ ግን እሳት የወገን ምልክት ነው። ፕሮቴስታንቶች በጁላይ 11 ማታ፣ ካቶሊኮች በኦገስት 15 የየራሳቸውን ደመራ ያነዳሉ። የከተማዋ ስም እንኳ ያከራክራል፤ አንዱ ወገን ደሪ ሲል ሌላው ለንደንደሪ ይላል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት ድረስ በነበረው ሁከት 3,500 ያህል ሰዎች ሞተዋል። በዚህች ከተማ ቤስትና አርቲቾክ የተባለው የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ድርጅት ከሁለቱም ወገን ከመጡ ሠራተኞች ጋራ ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጨት ቤተ መቅደስ በኮረብታ ላይ ሠሩ። ሕዝቡም ለቀናት እየገባ ማስታወሻውን አኖረ፤ ማርች 21 ቀን በእሳት ተለኰሰ። ለመለያየት ይነድ የነበረውን እሳት ሁለቱም ወገኖች አብረው ቆመው ተመለከቱት።

ይሁን እንጂ ያችው ከተማ ሌላም ምስክር አላት። ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 የእንግሊዝ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች በዕለቱ ሞቱ፤ አንድ ቍስለኛም ኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ምርመራ ወታደሮቹን በአብዛኛው ከወቀሳ ነፃ አደረገ። በጊዜው ከዓይን ምስክሮች ተጽፎ የተቀመጠው ቃል በ1997 በመጽሐፍ ታትሞ መውጣቱ ለአዲስ ምርመራ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ነው። በ1998 የተቋቋመው ሁለተኛው ምርመራ የ2,500 ያህል ሰዎችን ቃል መርምሮ በ2010 ግድያው ምክንያት እንዳልነበረው ገለጸ። ያ ወረቀት በእነዚያ 25 ዓመታት ውስጥ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ የሟቾቹ ወገኖች ምን ይዘው ይቀርቡ ነበር?

ከሁለቱ ታሪኮች አንዱን መርጠን ሌላውን አንጥልም። ለባለቤቱ ኀዘን ብቻ የሚናገር ወረቀት አለ፤ ይህን ባለቤቱ ራሱ በእጁ ተሸክሞ ሊተወው መብቱ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያቃጥልበት ግን ግፍ ነው። ሌላ ባለ ጕዳይ የሚጠብቀው ወረቀትም አለ፤ እርሱ ፍርድ እስኪገኝ ድረስ የአንድ ሰው ብቻ ንብረት አይደለም። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ከእሳቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ በእኛ አስተያየት፣ ወረቀቱ ምን ያህል አሮጌ እንደ ሆነ ሳይሆን ማን እንደሚፈልገው ነው።