ድምፅን ከቪዲዮ በብሮውዘር ማውጣት

ሌላ ፕሮግራም ሳይጫን፣ ከቪዲዮ ፋይል ምስሉን ትቶ ድምፁን ብቻ የማስቀረት ሥራ ነው። በኤምፒፎር ፋይል ውስጥ ምስልና ድምፅ በአንድ አቁማዳ እንደታጨቁ ሁለት እህሎች ናቸው። ድምፁ እንዳለ ከወጣ ጥራቱ አይነካም፤ ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ግን ዳግም ስለሚጨመቅ ጥቂት ይጎድልበታል።

ቀደምቶቹ ድረ ገጾች ፋይሉን ወደ ሰርቨር አስጭነው ነበር የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ፕሮግራሞችን በብሮውዘር ውስጥ የሚያሠራውን ዌብአሴምብሊን ስለተቀበሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የቪዲዮና የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ኤፍኤፍኤምፔግ እዚያው በተጠቃሚው ስልክ ላይ መሥራት ቻለ። ቪዲዮው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም።

ለምሳሌ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አዴት የዚህ ጥቅም ይጎላል። 300 ሜጋባይት የሰርግ ቪዲዮ ወደ ሰርቨር ልጫን ማለት ፓኬጅ መጨረስ ነው። ከዚያው ቪዲዮ የ5 ደቂቃ የማሲንቆ ጨዋታ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ሲወጣ ግን 5 ሜጋባይት አይሞላም፤ የቁልፍ ስልክ ሚሞሪም ይችለዋል። ኤፍኤፍኤምፔግ ራሱ ግን መጀመሪያ ሲወርድ 30 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ራሙ አነስተኛ የሆነ ስልክ ደግሞ ትልቅ ፋይል ሲሰጡት መሐል ላይ ገጹን ይዘጋዋል።

የሌላን ሰው ዘፈን ያለፈቃድ አውጥቶ መሸጥ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው።