መጤው መምህርና የቴነሲ ሕግ

በጁን 1970 እ.ኤ.አ. ጄምስ ብሉምስታይን የተባለ ወጣት የሕግ መምህር በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ናሽቪል ገባ። ጁላይ 1 ቀን በመራጭነት ልመዝገብ ብሎ ሄደ፤ አልተቀበሉትም። የቴነሲ ሕግ በክፍለ ግዛቱ አንድ ዓመት፣ በካውንቲው ደግሞ ሦስት ወር ያልኖረ ሰው አይመርጥም ይል ነበር። ግብር ለመሰብሰብ አንድ ዓመት የሚታገሥ መንግሥት መቼም የለም!

ብሉምስታይን ከሰሰ።

ቴነሲ ማጭበርበርን ለመከላከልና መራጩ አካባቢውን እንዲያውቅ ነው ስትል ተከራከረች። በማርች 1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 1 ለብሉምስታይን ፈረደለት፤ ሕጉ ወደቀ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ሁለቱንም ምክንያቶች ውድቅ አድርገው፣ ለምዝገባ ሥራ 30 ቀን ይበቃል አሉ።

ለፕሬዚዳንት ምርጫማ ኮንግረሱ በ1970 ቀድሞ መንገድ ከፍቶ ነበር። ምርጫው ከ30 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ተዛውሮ አዲሱ ክፍለ ግዛት ያልመዘገበው ሰው፣ በለቀቀው ክፍለ ግዛት በአካል ተገኝቶ ወይም በፖስታ ለፕሬዚዳንት መምረጥ ይችላል። ይህ ድንጋጌ ዛሬም ይሠራል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ምክንያት ሳያቀርቡ ከምርጫው ቀን ቀድሞ መምረጥ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ቴነሲ ራሷ አሁን ምርጫው 20 ቀን ሲቀረው ጣቢያ ትከፍታለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ ከ2020 ወዲህ 45 ቀን ቀድማ ታስመርጣለች። አድራሻ የቀየራችሁ ግን ከሰልፉ በፊት ምዝገባችሁን አስተካክሉ።