ገበያ የሌለው አውሬ፦ ከርከሮ፣ ዝሆንና የሐረር ገበሬ



ጀጎል ውስጥ ላደገ ልጅ «አውሬ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ጅብ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ከሥሩ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉት፤ በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ። የከተማው ሰው ከጅብ ጋር ተላምዷል። በኤረር በር ወጥታችሁ ማሽላ የዘራ ገበሬ ብትጠይቁ ግን የሚያማርረው ሌላ አውሬ ነው። እሱም ከርከሮ ነው።

ከርከሮ ረጅም የተቆለመመ ጥርስ አለው፤ ፊቱ ኪንታሮታም ነው፤ ቀን ቀን በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ ይግጣል። የቅርብ ዘመዱ የጫካ አሳማ ደግሞ ሌሊት ነው የሚወጣው። ሁለቱም በአፍንጫቸው አፈር ይገለብጣሉ፤ ስኳር ድንቹንም ለውዙንም ከሥሩ ነቅለው ይበላሉ። ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ እየጮኸ ያድራል። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ከጣለው የወራት ልፋቱ ይጠፋል።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጠላ አውሬ ለምን ታድኖ አላለቀም? መልሱን ለማግኘት የሐረርን የንግድ ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

ሐረር የካራቫን ከተማ ነበረች። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ከዚህ እየተጫነ ወደ ዘይላና በርበራ ይወርድ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ሲገባ የመጣው ግጥም ሊጽፍ አልነበረም፤ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር፤ የዝሆን ጥርስም ነግዷል። ዝሆኑን ለጥይት የዳረገው ሥጋው አልነበረም፤ ጥርሱ ባሕር ተሻግሮ ገዢ ማግኘቱ ነው። የነብሩም ዕጣ ተመሳሳይ ነው፤ ቆዳው ዋጋ ነበረው። ዛሬ በሐረር አቅራቢያ የቀሩትን ዝሆኖች ለማትረፍ እ.ኤ.አ. በ1970 የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ተቋቁሟል።

ለከርከሮ ግን ገዢ አልነበረም። የአሳማ ሥጋ ሐራም መሆኑ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 173 ተደንግጓል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መካ በተከፈተች ዓመት የአሳማን ሽያጭ ጭምር መከልከላቸውን ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ስለዚህ አዳኙ ሥጋውን ለሌላ ልሽጥ ቢል እንኳ አይፈቀድለትም። በሐረርና በዙሪያዋ በተስፋፋው የሻፊዒይ መዝሀብ አሳማ ከከባዱ ነጃሳ ይመደባል፤ እርጥብ ሆኖ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ከርከሮ የገደለ ሰው የሚያተርፈው ነገር ቢኖር ልብሱን ማጠብ ነው!

እ.ኤ.አ. በጥር 1887 የአፄ ምኒልክ ጦር ሐረርን ሲይዝ ጠመንጃ የታጠቀ ክርስቲያን ሠራዊት ሰፈረ። በዚህ ጊዜ የከርከሮው ዘመን ያበቃል ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመንም አሳማ አይበላም። በቱኒዚያና በሞሮኮ የውጭ አገር አዳኞች የዱር አሳማ ለማደን ይመጣሉ፤ በሐረር ግን ሁለቱም ጎረቤታሞች ፊታቸውን አዞሩበት። ጀግና ነኝ ባዩ አዳኝም የሚፎክረው በአንበሳና በዝሆን ነው፤ ከርከሮ ጥሎ የፎከረ ማን ሰምቶ ያውቃል?

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። አውሬን የሚጨርሰው ጥላቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚያልቀው ከርከሮ ነበር። ዝሆኑን ያመናመነው ገበያ ነው፤ ከርከሮን ያተረፈው ገበያ ማጣቱ ነው። ከርከሮን የሚያድነው ነብር ለቆዳው ሲገደል ደግሞ የማሳው ጠላት ጠላቱ ቀነሰለት። ትርፉ በነጋዴው ኪስ ገባ፤ ጉዳቱ ማማ ላይ በሚያድረው ገበሬና ማሳ ሲጠብቅ ትምህርቱ በሚስተጓጎልበት ልጁ ላይ ወደቀ።

ይህ ዛሬም የሚመለከተን ጉዳይ ነው። ሥጋው ሐራም ስለሆነ ብቻ እንስሳውን ማሠቃየት የተፈቀደ የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። ስሕተት ነው። ሰብል የሚያወድምን አውሬ መከላከል አንድ ነገር ነው፤ ለጨዋታ ማሠቃየት ሌላ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ፍጡር የተኩስ ዒላማ ማድረግን ከልክለዋል፤ መግደል ግድ ሲሆንም በመልካም ሁኔታ እንዲሆን አዝዘዋል። መርዝ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የተመረዘውን ጥንብ የበላ ጅብና አሞራ አብሮ ያልቃል። በአገራችን ሕግም አደን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይህን ደንግጓል።

ከተማ ለምንኖረው ደግሞ አንድ አደራ አለ። ጅብ ሲመገብ ለማየት የመጣ እንግዳ ለከተማችን ገንዘብ ያስገባል፤ ከርከሮ ግን ለገበሬው ከጉዳት በቀር የሚያመጣለት የለም። ማሽላውንና ለውዙን ገበያ ላይ ስንገዛ «ተወደደ» ከማለታችን በፊት፣ ያንን እህል ለማትረፍ ስንት ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ሰው እንዳለ እናስታውስ።

ወላሁ አዕለም።