የሌንስና የመስታወት ገጽ ሻካራነት ልኬት

በተወለወለ ሌንስ ወይም መስታወት ላይ የቀሩትን፣ ዓይን የማያያቸውን ጉብታና ጎድጓዳ በማይክሮስኮፕ የመለካት ሥራ ነው። ውጤቱ በናኖሜትር ይገለጻል። ሻካራ ገጽ ብርሃን ይበትናል፤ የሞገዱ ርዝመት ባጠረ ቁጥር ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። 1 ናኖሜትር የሚሻክር መስታወት ከቀይ የሌዘር ብርሃን (633 ናኖሜትር) የሚበትነው 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የኮምፒውተር ቺፕ ለማተም ለሚያገለግለው የ13.5 ናኖሜትር ጨረር ግን ያው መስታወት ፈጽሞ አይበቃም።

የኢንተርፌረንስ ማይክሮስኮፕ ገጹን ሳይነካ፣ የሁለት ጨረሮችን መደራረብ አይቶ ከፍታን ያሰላል። ቢኒግ፣ ኩዌትና ገርበር በ1986 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የአቶሚክ ኃይል ማይክሮስኮፕ ግን በሹል መርፌ ይዳስሳል፤ የሚያየው ቦታ ጠባብ ቢሆንም ረቂቁን ዝርዝር ያወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ለአንድ ገጽ የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ ስህተት አይደለም። የተለካው ቦታ ስፋት ያልተጻፈበት የሻካራነት ቁጥር ለንጽጽር አይረባም።